ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለው ቤት

«እስቲ ቀና በል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን ከሾፌሩ አገጭ ሥር እንደያዘ።

ሾፌሩ አንገቱን ቀና አደረገ፤ አፉን ግን አልዘጋም። «ነገሩ እኮ ግልጽ ነው» አለ ጣሪያውን እያየ። «ውኃ አስገቡልን ብለን ስንት ዓመት ለመንን? የለም። የመንገድ መብራት? የለም። አሁን ሳንጠይቅ ምን አመጡልን? አሥራ ሁለት እብድ።»

«ልክ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ያውም በራችን ላይ።»

«ልክ ነው።»

ሰፈሩ ያወጣለት ስምም ይኸው ነው፤ ልክነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የንግድ ፈቃዱ ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ ሲወጣለት አልተቀየመም። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ ገና በመጀመሪያው ቀን «ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሰጥቶሃል፤ ከተከራከርከው ይናደዳል፣ ከተናደደ ይንቀሳቀሳል፣ ከተንቀሳቀሰ ይቆረጣል» ብሎት ነበር። በዚህ ሕግ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ አንድ ሰው አልቆረጠም። ሹሞቹ ሌቦች ናቸው ላለው ልክ ነው፤ የለም ሕዝቡ ነው ሰነፉ ላለውም ልክ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ «ልክ ነው»ም ከዝምታ የሚለየው ድምፅ ስላለው ብቻ ነበር።

የሰሞኑ ወሬ ከፀጉር ቤቱ ጋር በግድግዳ ስለሚዋሰነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ቤቱ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ከርሞ ባለፈው ወር ድንገት ቀለም ተቀባ፤ መስኮቶቹ ተጠገኑ፤ በሩ ላይም ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ድነው የሚወጡ፣ ግን መግቢያ የሌላቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ከአንዲት ነርስ ጋር እንደሚኖሩበት ይናገራል። ወረቀቱ ሁለት ቀን አልቆየም፣ ተቀደደ። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ወረቀት መጣ፤ ተቃውሞ ያለው ሁሉ የሚፈርምበት። እሱን ያስቀመጡት ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ሥር፣ ከሽቶውና ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው እጁን ሥራ አያስፈታም፤ ይፈርማል። እስካሁን መቶ አርባ ሦስት ሰው ፈርሟል። ጽሑፉን ያነበቡት ከአሥር አይበልጡም፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ።

«እኔ እንኳ አልጠላቸውም» አለ ከአግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቀው ባለፋርማሲ። «መድኃኒታቸውን የምሸጠው እኔው ነኝ። መድኃኒት መሸጥ ግን ሌላ፣ ጎረቤት መሆን ሌላ።»

«መሸጡ ላይማ ፈጣን ነህ» አለው ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዘው ጡረተኛ መምህር።

«መምህር፣ አንተ ደግሞ ጀመርክ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። የት ይሂዱ?»

«ወደመጡበት» አለ ሾፌሩ በግማሽ አረፋ።

«የመጡት ከእኛው ቤት ነው» አለ መምህሩ። «ከሰማይ አልወረዱም። አንዱ የአንዱ ልጅ፣ ሌላው የአንዱ ወንድም ነው። ከቤት ያስወጣቸው ሰው አለ፤ ያ ሰው ዛሬ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ፂሙን እየተላጨ ይሆናል።»

የፀጉር አስተካካዩ እጅ አንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«ቤትህ ማዶ ስለሆነ ነው እንዲህ አፍህን ሞልተህ የምትናገረው» አለ ሾፌሩ። «የኔ ሚስት ናት ማታ ከሥራ ስትመለስ በዚህ በር የምታልፈው። የኔ ሴት ልጆች ናቸው። አንዱ ዘሎ ቢይዛቸው ጋዜጣህን ይዘህ ትመጣለህ?»

መምህሩ ጋዜጣውን አጣጥፎ ተነሣ። «ሴት ልጆችህን እስካሁን የለከፏቸው ሁሉ ጤነኞች ናቸው» አለና ሳይፈርም ወጣ። ማንም ደህና ዋል አላለውም። ባለፋርማሲው ብቻ «ያረጀ ሰው ደግነት ይበዛበታል» አለ፤ ሾፌሩም ሳቀ፤ ፀጉር አስተካካዩም ከአንገት በላይ ሳቀ።

ረፋዱ ላይ ጋሼ መጣ። የፀጉር ቤቱን ጨምሮ በመንገዱ ላይ ያሉት አምስት ሱቆች የእሱ ናቸው። ስሙን የሚጠራ የለም፣ ጋሼ ብቻ ነው የሚባለው። ወረቀቱን ያጻፈውም እሱ ነው። ገብቶ ወረቀቱን አነሣና ፊርማዎቹን በጣቱ እየነካ ወረደ።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰው ትመጣለች» አለ። «የነዋሪውን አስተያየት ልስማ ብላለች። አዳራሹ ተይዟል። የምታነበው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ። እኔ ብናገር ኪራይ እንዳይወድቅበት ነው ይሉኛል። እሱ ቢናገር» አለ ወደ ባለፋርማሲው በአገጩ እያመለከተ፣ «ነጋዴ ነው ይሉታል። አንተ ግን ከማንም ጋር ጠብ የለህም። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ‘ልክነውም ከእኛ ጋር ነው’ ነው የሚለኝ።»

እውነቱን ነው፤ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልክ ነው ተብሎ ነው የሄደው። ፀጉር አስተካካዩ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰው ላይ ሳይደርስ የቀረው ምላጭ ወደ እሱ ሲዞር ተሰማው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መናገር አልችልበትም።»

«ማንበብ ነው እንጂ ማን ተናገር አለህ?» ጋሼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። «የአንተ ፊርማ የታለ?»

«እጄ ሁሌ እርጥብ ስለሆነ…»

ጋሼ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ሾፌሩና ባለፋርማሲው ያያሉ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን በፎጣው ጣት በጣት አደረቀ፤ ማድረቅ ግን ማለቁ አይቀርም። መቶ አርባ አራተኛ ሆኖ ፈረመ።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስፌት ላይ ነበረች። ቤቱ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ልጃቸው ለፈተና ታነባለች፣ በሌላው ሚስቱ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ አልጋቸውም እዚያው ነው። ስለ አዳራሹ ነገራት። ስለ ፊርማው መናገር አልፈለገም ነበር፣ ግን አመለጠው።

የሚስቱ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ፈረምክ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ።

«ምን ላድርግ? እስክሪብቶውን እጄ ላይ አስቀመጠው።»

«ወንድምህ ላይ ፈረምክ።»

ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች አንዱ የእናቱ ልጅ ነው። ታላቁ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ታናሹን ያሳደገውም በዚያ ሥራ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ያኔ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነበር፣ አንድ ቀን ሽቦዎቹ ሰው እየተሳደቡ ነው ብሎ ምሰሶ ላይ ወጣና የሰፈሩን መብራት በሙሉ ቆረጠ። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ዋለ። ማንንም አልነካም። ሲወርድ ግን ሆስፒታል ወሰዱት፤ የመግቢያውን ወረቀት የፈረመው ታናሹ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ድኗል፣ መድኃኒቱን ራሱ ይወስዳል፣ የሆስፒታሉን የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። የማይወጣው መግቢያ ስለሌለው ብቻ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ በየሦስት ወሩ አንድ ሰኞ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ሰፈሩ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ይመስለዋል። እሱ ግን ቶንዶሱን በቦርሳ ይዞ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ይጓዝና የወንድሙን ፀጉር ያስተካክላል፤ ከዚያ የአጠገቡን አልጋ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ከሚመጡት አሥራ ሁለት ሰዎች ዘጠኙን በራስ ቅላቸው ያውቃቸዋል። የማሽኑ ድምፅ ስለሚያስፈራው በመቀስ ብቻ የሚሠራለት አለ፤ ጆሮውን ሲነኩት የሚስቅ አለ፤ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ አለ። ባለፈው ሰኞ የሆስፒታሉ ነርስ ወደ ጎን ወስዳ ነግራዋለች። ወንድሙ ያለበት ክፍል ሊታደስ ነው፤ በዚህ ሳምንት ባዶ መሆን አለበት። አዲሱ ቤት ከተከፈተ ወደዚያ፤ ካልተከፈተ አድራሻ ያለው ወደ ቤቱ፣ አድራሻ የሌለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወዳለው ማቆያ። ከዚያ የሚመለስ ሰው አላየሁም ብላዋለች።

«አንቺስ እዚህ አይምጣ ብለሽ የለ?» አላት ሚስቱን።

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። የት ነው የሚተኛው? ልጅቷ አልጋ ሥር? እኔ ግን አይምጣ ስል ፊት ለፊት ነው ያልኩህ። አንተ አይምጣ አላልክ፣ ይምጣ አላልክ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ልክ ነው ስትለኝ ኖርክ።»

«ቤቱ ሲገኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ደስ ያለህማ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድምህ አጠገብህ ይኖራል፣ ወንድምህ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። እንደ ማንም ደንበኛ ይመጣል፣ ፀጉሩን ታስተካክለዋለህ፣ ይሄዳል። ሁለቱንም ልትበላ ነበር።»

ልክ ያንኑ ነበር ያሰበው። ወንድሙን ያቺ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከመስተዋቱ ውስጥ እያየው፣ በሰው ፊት «ማሳጠር ነው ወይስ ማስተካከል?» ብሎ ሲጠይቀው ሁሉ ታይቶት ነበር። አፈረ። ምሳውን ሳይነካ ወጣ።

አዳራሹ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞላ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ባለሙያ ወጣት ናት። ከፊቷ ማስታወሻ ደብተር ዘርግታ፣ «ስማችሁን አልጽፍም፣ ሐሳባችሁን ነው የምፈልገው» አለች። ሐሳቡም መጣ። አንዷ ሕዝብ ሳይጠየቅ የሚወሰን ነገር ሰለቸኝ አለች። አንዱ ለጤነኛው ያልተሠራ ቤት ለእብድ ተሠራ አለ። ሌላው ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው አጥራቸው ውስጥ ይውሰዷቸው አለ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን ነካው። መምህሩ እጁን አውጥቶ «እነዚህ ሰዎች እኮ…» ሲል ከኋላ «ተቀመጥ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ተቀመጠ።

ጋሼ ፀጉር አስተካካዩን በክርኑ ነካው። ተነሥቶ አነበበ። የሚያሳዝነው ጥሩ አድርጎ ማንበቡ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያወራ የሰማ ጆሮ የት ቦታ እንደሚቆም፣ የት ቦታ ድምፅ እንደሚጨምር ያውቃል። «ማንነታቸው የማይታወቅ፣ ዘመድ አልባ ግለሰቦች» የሚለው ጋ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረ፤ ውኃ ጠጥቶ ደገመው።

ባለሙያዋ ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ከመካከላችሁ ከነዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱን እንኳ የሚያውቅ አለ?»

የምታየው የቆመውን ሰው፣ ፀጉር አስተካካዩን ነው። ከንፈሩ ተከፈተ። ዘጠኝ ራስ በዓይኑ መጣበት።

«የለም» አለ ጋሼ ከመቀመጫው። «ከየት እናውቃቸዋለን?»

ፀጉር አስተካካዩ ተቀመጠ። ባለሙያዋ ደብተሯን ዘጋች፤ ፊቷ ላይ ድካም ነበር። «እንግዲህ ይኼን ያህል ተቃውሞ ይዤ ስመለስ ቤቱ ለሌላ አገልግሎት መዋሉ አይቀርም፤ አሁኑኑ ደውዬ አሳውቃለሁ» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ጠቡ ተጀመረ፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ይሁን ሲል ሌላው መኪና ማቆሚያ፣ ሾፌሩና ባለፋርማሲውም በመኪና ማቆሚያው ምክንያት እስከ በር ድረስ ሲሰዳደቡ ሄዱ።

ጋሼ ደስ ብሎት በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ መጣና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ላጨኝ፣ ልክነው። ዛሬ የሰፈራችንን ክብር ነው ያዳንከው።» ሾፌሩና ባለፋርማሲው ተኳርፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ለወሬው ግን ሁለቱም መቅረት አልፈለጉም።

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ አረፋውን ቀባ፣ ቀኝ ጉንጩን ጨረሰ። ወደ ግራው ሲዞር መስተዋቱ ሥር ያለው ስልክ ጮኸ። እጁ አረፋ ስለሆነ እንደ ሁልጊዜው በክርኑ ተጭኖ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።

«ደህና ዋሉ፣ ከሆስፒታል ነው» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «ቤቱ ቀረ ተባልን አሁን። ስለ አልጋ ቁጥር ሰባት ነው የደወልኩት።»

«አልጋ ልትገዛ ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ እየሳቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን አየ። ትንሿ ጣቱ ብቻ ንጹሕ ነበረች፤ በእሷ ስልኩን መዝጋት ይቻላል። ሲስተር ቆይቼ እደውላለሁ ማለትም ይቻላል።

«ዝርዝሩን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መላክ አለብኝ» አለች ነርሷ። «አድራሻ ካላገኘሁለት ነገ ጠዋት ከሚሄዱት ጋር ይሳፈራል። ቦርሳውን አዘጋጅቶ በሩ ጋ ተቀምጧል፤ ወዴት እንደሆነ እኔን እየጠየቀኝ ነው። ምን ልበለው?»

የጋሼ ዓይኖች ከመስተዋቱ ውስጥ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኖች መጡ። «የምን ሆስፒታል ነው?» አለ። «ማናት ሴትዮዋ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠርጎ አጠፈና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ፈርቶ ነበር፤ ጋሼን ፈርቶ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚስቱን ፈርቶ ነበር።

«ሲስተር፣ ጻፊ» አለ። «አድራሻው የእኔ ቤት ነው። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው በር፣ ቁጥር ስልሳ አራት።»

«ስልሳ አራት። የተቀባይ ዝምድና?»

«ወንድሙ ነኝ። ታናሽ ወንድሙ፣ የእናቱ ልጅ።»

ባለፋርማሲው እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደ፤ ዛሬ ጠዋት እዚሁ የተስተካከለውን ማጅራቱን ዳበሰ። «አንዳንድ ሰኞ የምትጠፋው…» አለና አልጨረሰውም። ተነሥቶ ወጣ። ሾፌሩ ተከተለው፤ በር ላይ ዞሮ «አንተን ብሎ ወኪል» አለና ተፋ።

ጋሼ ግን ግማሽ ፊቱ አረፋ ሆኖ አልተነሣም። «መቶ አርባ ሰው ፊት ቆመህ አታለልከን» አለ። «እኔን አስቀምጠህ ነው ከእብድ ቤት ጋር የምታወራው? ይኼ ሱቅ የማን እንደሆነ ረሳኸው?»

«ማነው የሚቆጣው?» አለች ነርሷ።

«ደንበኛ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቀጥይ።»

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ። ቅጹ ላይ የቤቱ ነዋሪዎች፣ ቤተሰብዎ ማለት ነው፣ ተስማምተዋል ወይ ይላል። አዎ ወይም አይደለም ነው የሚጻፈው። መግባቱን አይከለክልም፣ ግን እውነቱ መጻፍ አለበት።»

ጋሼ ጨርቁን ከአንገቱ ላይ መንጭቆ ወለሉ ላይ ጣለው። ከግድግዳው ጀርባ የሚስቱ የስፌት መኪና ይሰማል፤ ትሰፋለች፣ ታቆማለች፣ ትሰፋለች። ፀጉር አስተካካዩ አዎ ማለት ለምዶበታል፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«አይደለም ብለሽ ጻፊ፣ አልተስማሙም» አለ። «እሱን ግን የትም እንዳትልኪው። ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»